ባልሞተ ሰው የተወደደ ጌሾ

በጥልያን ዘመን ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ጌሾ እነግድ ነበር። ጌሾ ጠላ ውስጥ ገብቶ ሰው ያስጨፍራል፤ ነጋዴውን ግን አያስጨፍርም። ዋጋው ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ያለ ነው። ከፍ የሚለው ሰርግ ሲበዛ፣ ንግሥ ሲደርስ፣ ደግሞም ባለጸጋ ሲሞት ነው። የሰርጉና የንግሡ ቀን አስቀድሞ ስለሚታወቅ ሁሉም ሰው ቀድሞ ይሸምታል፤ ትርፍ የላቸውም። ትርፉ ያለው ሞት ላይ ነበር።

ሰው በሞተ በአርባ ቀኑ ተዝካሩ ይወጣል። ካህናቱ ይጸልያሉ፣ አገሩ ይበላል፣ ይጠጣል። ባለጸጋ ከሆነ የተዝካሩ ጠላ ብቻ የአንድ ገበያ ጌሾ ይጨርሳል። እንግዲህ በሞቱና በተዝካሩ መካከል ያለችው ጊዜ የእኔ የእርሻ ወቅት ነበረች። ትልቅ ሰው አረፈ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ ለቅሶ እደርሳለሁ። አለቅሳለሁ፣ አጽናናለሁ፣ ዐይኔን እየጠረግሁም ጓዳውን አያለሁ። ጋን አላቸው ወይ? ዘመዱ ከሩቅ ይመጣል ወይ? ልጆቹ ይስማማሉ ወይስ ይፎካከራሉ? የሚፎካከሩ ልጆች ትቶ የሞተ አባት ለጌሾ ነጋዴ በረከት ነው። ከዚያ ስመለስ በደብረ ኤልያስ በኩል ዞሬ ጌሾ ጭኜ እገባለሁ።

አገሩ ደግ ለቅሶ ደራሽ ይለኝ ነበር፤ እኔም አላስተባበልሁም። ሚስቴ ብቻ አትታለልም።

«ዛሬ ደግሞ ማንን አፈር አልብሰህ መጣህ?» ትለኛለች።

«የሞተውን ነዋ!»

«እስኪሞት ድረስ መታገሥህም ደግ ነው።»

ጥልያን ከገባ በኋላ ለቅሶው በዛ፤ ተዝካሩ ግን አነሰ። እህሉ ተቃጥሏል፤ ከብቱ ተነድቷል። ከተማው የጥልያን ነበር፤ ከከተማው ወጥቶ ጥቂት መንገድ የሄደ ሰው ግን የቆመው የማን ግዛት ላይ እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። እኔ ለሁለቱም ወገን ጌሾ እሸጥ ነበር። ጠላ የማይጠጣ ወገን አልነበረም።

የአገሩ ጥልያን ሹም ካፒቴን ይባል ነበር፤ ማዕረጉ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ግን እንዲያ ብለን ለመድነው። ሥርዓት የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ነጋሪት አስጎስሞ አዋጅ አስነገረ፤ «በሐሰት ወሬ ገበያ ያስወደደ ወይም ያረከሰ ይገረፋል፤ ሸቀጡም ይወረሳል። በገዛ ሐሳቡ አስቦ የገዛ፣ አስቦ የሸጠ ግን ቀረጡን ይክፈል እንጂ አይጠየቅም።»

አዋጁን ያነበበው አስተርጓሚው ነው፤ ከሰሜን የመጣ፣ አማርኛውም የጥልያን ቋንቋውም የጠራ ጎልማሳ። አንብቦ ሲጨርስ ነጋዴው ከበበው። አንዱ ሽማግሌ ቅቤ ነጋዴ ጠየቁ።

«ልጄ፣ ያሰብሁትን ለሚስቴ ብነግራትስ?»

«ለሚስትዎ ይንገሯት አባባ። እሷ ግን ለገበያው እንዳትናገር።»

«እንግዲያማ ተወረስሁ!» አሉና ቅቤያቸውን መሸፈን ጀመሩ።

ሕዝቡ ሳቀ። አስተርጓሚውም ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ከገበያው በላይ በኩል ጥልያን የተከለው ግንድ ነበር። ከአርበኛ ጋር ተነጋግሯል የተባለ ሰው የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ወደዚያ በኩል ግን ማንም አልሳቀም፤ ማንም ወደዚያ አያይም ነበር።

ከዚህ አዋጅ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሌላ መጣ። በዓባይ በረሃ በኩል ጥልያንን መቆሚያ ያሳጣ አንድ ትልቅ ሰው ነበረ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ጥልያን ሽፍታ ይለዋል፣ እኛ ቤታችን ገብተን በር ስንዘጋ አርበኛ እንለዋለን። አዋጁ ያ ሽፍታ በመድፍ ተመትቶ ሞተ፣ ሬሳውም ገደል ገባ አለ። ሬሳውን ያየ ሰው አልነበረም። ገደሉ የትኛው እንደሆነም አልተነገረም፤ በዚያ አገር ደግሞ የገደል ችግር የለም።

ያዘነው በልቡ አዘነ። ከዚያ ሰው ሁሉ፣ የእኛ ሰው እንዲህ ነው፣ አዋጁን እንደ መርዶ ቆጠረና አርባውን ማስላት ጀመረ። የዚያን የሚያህል ሰው ተዝካር! ዘመዱ ከቁይ እስከ አማኑኤል ነው። ጌሾ ከፍ አለ።

ጌሾ ተራ ላይ ከጎኔ የሚቀመጥ ትልቅ ነጋዴ ነበር፤ ከዚህ ወዲያ ጎረቤቴ እለዋለሁ። ጎተራው እስከ አፉ ጌሾ ነው። የዋጋው መጨመር ደስ አሰኝቶታል፣ ሩጫው ግን አልበቃውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት አንዲት የታወቀች አልቃሽ እየተወረወረች መጣች። ገበያው መካከል ቆማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን መምታት ጀመረች። የጀግናውን ስም አልጠራችም፤ ነገር ግን የፈረሱን ቀለም፣ የጠመንጃውን ዓይነትና የአባቱን አጥንት ጠራች። ባልቴት አለቀሰች፣ ገበሬ አለቀሰ፣ ባንዳ ሳይቀር ዐይኑን ጠረገ። ጥልያኖቹም አልከለከሏትም፤ የገዛ አዋጃቸው ስለታመነ ደስ ብሏቸዋል መሰለኝ።

ለቅሶው መልካም ነበር። እኔ ብዙ ለቅሶ ስለማውቅ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሴትዮዋ ስለ ጀግንነቱ ትልና፣ ስለ ደግነቱ ትልና፣ ወዲያው ጋኑ እንዴት እንደሚደረደር፣ ጠላው እንዴት እንደ ወንዝ እንደሚወርድ ትገባበታለች። አልቃሽ በሙሾዋ ውስጥ ስለ ጠላ አብዝታ ስትናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጎረቤቴን አየሁት። ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ ያለቅሳል፤ ከነጠላው በላይ ያለችው ዐይኑ ግን የገዢውን እጅ ትቆጥራለች።

ቀኑ ሳይጋመስ ዋጋው እጥፍ ሆነ። እኔም ለመግዛት ተነሥቼ ነበር።

በዚያች ሰዓት የዚያ ሞተ የተባለው አርበኛ ሚስት ወደ ተራው መጣች። ቤቷ በአማኑኤል መንገድ ላይ ከከተማው ብዙ አይርቅም፤ አውቃታለሁ። ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ፣ ራሷን በጥቁር ሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል፤ እሷ አንገቷን ትደፋለች። ጨው ልትገዛ ከጎኔ ካለችው ሴት ዘንድ ጎንበስ አለች። ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። ከሻሹ ስር፣ ከጆሮዋ ኋላ፣ ቅቤ ቀልጦ ወደ አንገቷ ወረደ።

ሐዘን የያዛት ሴት ጸጉሯን ትላጫለች እንጂ ቅቤ አትቀባም። ያውም ለጋ ቅቤ፣ ሽታው ከእኔ ዘንድ የደረሰ። ሴት እንዲያ የምትቀባው ከሩቅ የመጣ ባል ቤቷ ሲያድር ነው።

እሷም ማየቴን አየች። በነጠላዋ ጫፍ አንገቷን ጠረገችና «ሙቀቱ!» አለችኝ።

«ይሞቃል እሜቴ» አልኋት። «ፀሐይ አይምቱ፤ ቶሎ ቢገቡ ይሻላል።»

ሄደች። እኔ ቁጭ ብዬ አሰብሁ። ሰውየው አለ። ካለ ተዝካር የለም፤ ካህን በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደርስም። ተዝካር ከሌለ ጌሾው ከንቱ ነው። ነገር ግን ደግሞ ሴትዮዋ ብቅል ሳታበቅል፣ ጋን ሳታጥብ አርባው ቢያልፍ ጥልያን «ምነው?» ይላል። የዚያን ጊዜ አንገቷ ላይ የሚወርደው ቅቤ ሳይሆን ገመድ ነው። ይህ የእኔ ጉዳይ አልነበረም፤ የእኔ ጉዳይ ጌሾው ነበር። መሸጥ ጀመርሁ።

ሳይመሽ የነበረኝን ሁሉ ሸጥሁ። አብዛኛውን የገዛኝ ጎረቤቴ ነው፤ ዋጋው እንዳይወርድበት ሌላ ሰው እየላከ ሊያስገዛ ሞከረ፣ የላካቸው ግን የራሱ አማቾች ስለነበሩ መደበቅ አልሆነለትም።

«አንተ ሰውዬ፣ ነካህ?» አለኝ በመጨረሻ ራሱ መጥቶ። «ሰው ሁሉ ሲገዛ ትሸጣለህ?»

«ሚስቴ ቤቱ ጌሾ ጌሾ ሸተተኝ አለች።»

«ሚስትህ ነጋዴ ናት?»

«እኔም ገና አልሆንሁም መሰለኝ» አልሁና ዕቃዬን ሰበሰብሁ።

ያ መልስ አላረካውም። የእኔ መሸጥ ደግሞ ሌላውን ገዢ አጠራጠረ፤ ሰው ቆም ቆም ማለት ጀመረ። ጎረቤቴ ሰኞ ዕለት ካፒቴኑ ቢሮ ሄዶ «ይህ ሰው የሆነ ነገር ያውቃል፤ ገበያ ሊያረክስ ነው» ብሎ ነገረ። የፈለገው እንድገረፍለት ብቻ ነበር። ከዚያ የበለጠውን ያሰበ አይመስለኝም፤ ሲያስብ የሚያስበው ስለ ጌሾ ነው።

በማግስቱ ሁለት ባንዳ መጥተው ወሰዱኝ። ካፒቴኑ ጠረጴዛው ላይ አንድ እፍኝ ጌሾ አስቀምጦ ይመረምራል። አሸተተው፤ ነከሰው፤ ፊቱ ተጨማደደ። አስተርጓሚው ከጎኑ ቆሟል።

«ጌሾህን ለምን ሸጥህ?» አለኝ በአስተርጓሚው አፍ።

«ነጋዴ ነኝ ጌታዬ።»

«ዋዛውን ተው» አለ አስተርጓሚው ከራሱ።

«ዋዛ አይደለም፤ ሥራዬ ነው።»

ካፒቴኑ ብዙ ተናገረ። አስተርጓሚው እንዲህ አለኝ፤ «ሰው ሁሉ ሲገዛ አንተ ሸጥህ። ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሽፍታው አለመሞቱን ታውቃለህ፤ እንግዲያው ማን እንደነገረህ ትናገራለህ። ወይ ደግሞ ገበያውን ለማርከስ ወሬ ነዝተሃል።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከራሱ ጨመረበት፤ «ሁለተኛው ጅራፍ ነው ወንድሜ። የመጀመሪያውን ታውቀዋለህ።»

ደግ ምክር ነበር። ጅራፉን ልመርጥ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ነገር ግን ወሬ ነዛሁ ካልሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው «ምን የሚል ወሬ?» ነው። ጌሾ የሚያረክስ ወሬ ያው አንድ ነው፤ ሰውየው አለ የሚል። ሁለቱም መንገድ እዚያችው ግንድ ጋ ይደርሳል። እውነቱን ብናገር፣ አየሁ ብል፣ ያየሁት የአንዲት ሴት አንገት ነው፤ እሷን ነው የማሰቅላት። ቅቤዋን አፌ ውስጥ ይዤ ዋጥሁት።

«ሁለቱም አይደለም ጌታዬ» አልሁ። «አዋጅዎን አምኜ ነው የሸጥሁት።»

ካፒቴኑ ራሱን ቀና አደረገ።

«አዋጅዎ ሽፍታው ሞተ አለ። ሞተ አልሁ። አገሩ ሁሉ ተዝካሩ ሲወጣ እንጠጣለን ብሎ ጌሾ ገዛ። እኔ ግን ብቻዬን ሆኜ አሰብሁ። ይህን የሚያህል መንግሥት፣ ሺህ ሰው ተሰብስቦ ሽፍታ እያወደሰ ሲጠጣ ዝም ብሎ ያያል ወይ? አያይም፣ ይከለክላል አልሁ። ተዝካር ከተከለከለ ጌሾ ማን ይገዛል? ሸጥሁ።»

አስተርጓሚው ሲተረጉም ካፒቴኑ መሐል ላይ አቋረጠው። ተዝካር ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ረጅም ጊዜ ተናገረ፤ በእጁ ጋን ሠራ፣ ሰው ሲሰበሰብ አሳየ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሚያቅራራ ሰው ሆነ። ካፒቴኑ ለካስ ጌሾ የተወደደው ለሆድ ሕመም መድኃኒት ስለሆነ መስሎት ነበር። አሁን የገባው ሌላ ነው፤ ገደልሁት ላለው ሰው አገሩ በሙሉ ሊሰበሰብለት ነው፤ ጠመንጃ ያለውም ጠመንጃውን ይዞ ይመጣል። ፊቱ ቀላ።

«እንደምንከለክል ማን ነገረህ?» አለኝ።

«ማንም ጌታዬ። መንግሥት ያስባል ብዬ አሰብሁ።»

አስተርጓሚው ትንሽ አየኝና ተረጎመ። ካፒቴኑን ነገሩ አስቸግሮታል፤ አላሰብንም ነበር ሊል አይችልም። በመጨረሻ «እርግጥ ነው፤ አስቀድሞ የታሰበበት ነው» አለ። ቀጥሎም «ለሌላ ሰው ተናግረሃል?» ሲል ጠየቀኝ።

«ሚስቴም አታውቅም።»

«እንግዲያው ይህ ማሰብ ነው፤ ማስወራት አይደለም» ብሎ ፈረደ። ጌሾውን ከጠረጴዛው ላይ በእጁ ጠረገና ሂድ አለኝ። 

በቅዳሜው ነጋሪት ተጎሰመ። ለሽፍታው ተዝካር ያወጣ፣ የበላ፣ የጠጣ፣ ጋን ያዋሰ ይቀጣል ተባለ። ጌሾ ከነበረበት በታች ወረደ። ሴትዮዋም ለምን ብቅል አላበቀልሽም ተብላ ከመጠየቅ ዳነች፤ እንዲያውም ብታበቅል ኖሮ ነበር የምትታሰረው። ይህን አስቤ አላደረግሁትም። አንገቴን ሳወጣ የእሷም አብሮ ወጣ።

ጎረቤቴ ግን ጎተራው ሞልቶ ቀረ። ካፒቴኑ ዘንድ ደግሞ መክሰስ ስላልቻለ ገበያው መሐል ሽማግሎች አስቀምጦ ከሰሰኝ። የሽማግሎቹ ታላቅ ድሮ የጨው ነጋዴ የነበሩ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«አባባ፣ ይህ ሰው በአፉ ገበያ ገደለ» አለ ጎረቤቴ።

«ማን ፊት ተናገረ?»

«ጥልያን ፊት።»

«ሲጠየቅ ነው ሳይጠየቅ?»

«ሲጠየቅ።»

«ማን አስጠየቀው?»

ጎረቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሁን። ሲናገር በእጁ ጌሾ ነበረው?»

«አልነበረውም፤ ሸጦ ጨርሶ ነበር።»

«ለማን ሸጠ?»

«ለእኔ ነዋ!» አለ ጎረቤቴ፤ የተሰበሰበው ሰው ሳቀበት።

በዚህ መሐል ያቺ አልቃሽ ሰው እየገፋች ገባችና ማንም ሳይጠራት ቁጭ አለች።

«እኔም ክስ አለኝ» አለች። «ነጠላዬን አልሰጠኝም።»

«የምን ነጠላ?» አሉ ሽማግሌው።

«ላለቀስሁበት ነዋ! ‹ጌሾው ይሸጥና ባለ ጥለት ነጠላ አለብስሻለሁ› አለኝ። ‹ጠላውንም አንሺው፣ ጋኑንም አንሺው› አለኝ። አነሣሁለት። ድምፄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ይሄው ስሙኝ።»

ድምፅዋ ደህና ነበር። ሽማግሌው ከሌሎቹ ጋር ተንሾካሾኩና ተናገሩ።

«ነገሩ እንዲህ ነው። በዐይኑ አይቶ የገዛና የሸጠ የገዛ ዐይኑን ነው የሠራበት፤ አንጠይቀውም። ያልሆነውን ነገር ሰው እንዲያይለት ገበያ መሐል ያቆመ ግን የሰውን ዐይን ነው የሰረቀ። ይህች ሴት የቆመችው ባልሆነ ነገር ስለሆነ—»

እዚያ ላይ ቆሙ። ከሰዉ ኋላ አንድ ባንዳ ግድግዳ ተደግፎ ያዳምጣል። አልሆነም ካሉ፣ ሰውየው አልሞተም ማለታቸው ነው።

«መቼም ሰውየው ሞቷል» አሉ ሽማግሌው።

«ሞቷል፣ ሞቷል» አልን ሁላችንም ባንድ ድምፅ። ጎረቤቴም አብሮ አለ።

ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ነገር የሚያከርሩ ሰው፣ «የቁም ተዝካር የሚባልም ሥርዓት አለ እኮ፣ ሰው በሕይወቱ ሳለ—» ብለው ሲጀምሩ ታላቁ ሽማግሌ በኃይል ሳሉባቸው።

«እንግዲህ» አሉ ታላቁ፣ «ለሞተ ሰው ማልቀስ ሐሰት አይባልም። ሐሰት ከሌለ ደግሞ ጥፋት የለም። አንተ ከሳሹ ጌሾህን ይዘህ ቅር፤ ተከሳሹም የሸጠበትን ገንዘብ አይመልስ። ለእሷ ግን ነጠላዋን ስጣት፤ አልቅሳለች፣ ሁላችንም ሰምተናል።»

ጎረቤቴ ባለ ጥለቱን ነጠላ ገዝቶ ሰጣት። ጌሾውንም ሻግቶ ከመጣል ብሎ ከፊሉን ለእኔው መልሶ በርካሽ ሸጠልኝ። እኔ አይቼ ነው የገዛሁት።

አርባው ደረሰ። ካፒቴኑ ድግስ እንዳይኖር ወታደር ልኮ የሴትዮዋን ቤት አስጠበቀ። ድግስ አልነበረም። አዋጁ ስለተከበረ ደስ አለው፤ ለአስተርጓሚውም ይህ ሕዝብ እየሠለጠነ ነው አለው ተባለ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ገበያ ሴትዮዋ ጥቁሯን እንደለበሰች ወደ እኔ መጣች። አስተርጓሚው ቀረጥ ሊያይ ተራውን ሲዞር ከፊቴ ቆሞ ነበር። ጌሾውን በእጇ አገላበጠች።

«ለሐዘንተኛ አይቀንስም?»

«እግዜር ያጽናዎት እሜቴ፤ ይቀንሳል» አልሁ። ምን ልበል? ቀነስሁ፤ ሰፈርሁላት። የጠየቀችው ስፍር ለአንዲት ባል ለሞተባት ሴት ብዙ ነበር፤ አልጠየቅሁም።

«ጨምርበት እንጂ» አለች። «ባሌ ቢኖር ኖሮ እንዲህ ገበያ ለገበያ ስለማመጥ እኖር ነበር?» የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዐይኗ ወሰደች። እፍኝ ጨመርሁ። እሷ ግን አላነሣችም፤ ስፍሩን እያየች ቆመች።

አስተርጓሚው ራራላት።

«ጨምርላት እንጂ አንተ ሰው» አለኝ፤ «ሐዘንተኛ አይደለችም እንዴ?»

ጨመርሁ።